ለደካማ ቀስት ጠባብ ስለት

ካለፈው ኅዳር በፊት ፍላጻ በእጄ ነክቼ አላውቅም ነበር። አሁን ግን ስለ ፍላጻ ክብደትና ስለ ጫፉ ስለት ስፋት ብትጠይቁኝ፣ ለፈተና ካጠናሁት ሁሉ ይበልጥ አጥርቼ እመልሳለሁ። የነገሩኝ አንድ የዙሪክ ፍላጻ ሠሪ ናቸው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገሩኝ። እኔም ሁሉንም ሰምቼ፣ ሁሉንም ተረድቼ፣ ለሚገባው ሰው ሳልናገር ቀረሁ።

አስቀድሜ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። ስሜ ብሩክ ነው። ጄኔቭ ውስጥ የትርጉም ትምህርት አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ፈረንሳይኛውን እዚህ መጥቼ ነው ያሻሻልኩት፤ ጀርመንኛውን ግን አባቴ ከጀርመኖች ጋር ይሠራ ስለነበር አዲስ አበባ ሳለሁ ነው የተማርኩት። የምኖረው ፕላንፓሌ፣ ረቡዕና ቅዳሜ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ሜዳ አጠገብ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ሰው ማስከፋት አልወድም። መምህር ሲያስረዳ ሳይገባኝም ራሴን እነቀንቃለሁ። አባቴ ሲሸኘኝ ያለኝ፣ «ትልቅ ሰው ፊት ክፉ ቃል ከአፍህ አይውጣ» ነበር፤ ይህንንም እንደ አደራ ይዤው ነበር።

ጋሽ አምሃን የተዋወቅኋቸው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ኦ ቪቭ በሚባለው ሰፈር ከባለቤታቸው ጋር የሚኖሩ፣ የፖስታ ጥቅል በሚለይበት አዳራሽ የሚሠሩ፣ ቀልደኛ ሰው ናቸው። በደጉ ዘመን አርሲና አዋሽ ዳር በጠመንጃ ያድኑ ነበር። ከዚያ ደርግ አሰራቸው። ሦስት ዓመት። መጀመሪያ ሰሞን የፊጥኝ አስረው ስለሰቀሏቸው ቀኝ ትከሻቸው ተጎድቶ ቀርቷል፤ ካፖርት ሲለብሱ ሰው እጅጌውን ይይዝላቸዋል። ጠመንጃ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ነክተው አያውቁም። ለምን እንደሆነ ማንም አይጠይቃቸውም ነበር። እኔ ግን አዲስ ሰው ስለሆንኩ ጠየቅኋቸው።

«ድምፁ» አሉኝ።

ቀስት ግን ድምፅ የለውም። ሬኔ የሚባል ፈረንሳዊ የሥራ ባልደረባቸው ከድንበሩ ማዶ የታጠረ የቤተሰብ ጫካ ነበረው፤ አንዲት የዱር ፍየል የምታህል ሚዳቋ እንዲያድኑ ጋበዛቸው። ስዊስ ውስጥ በቀስት ማደን ክልክል ነው፤ በዚያ ጫካ የሚሆነው ግን የባለቤቱ ጉዳይ ነው ተባልኩ። አሮጌ ቀስትም ሬኔ ሰጣቸው። ፍላጻ ብቻ ቀራቸው። ጥሩ ፍላጻ የሚሠሩ ሰው ዙሪክ አሉ፤ እኚህ ሰው ግን ከጀርመንኛ በቀር አይናገሩም።

«የገና ጾም ሳይገባ ነው የምፈልገው» አሉኝ ጋሽ አምሃ። «ሥጋውን ባርኬ ለማኅበሩ አበላለሁ። አንተም አፍህን ይዘህልኝ ትሄዳለህ። ደመወዝህ አንድ ጭን።»

ሳቅሁ። ደስ አለኝ። አንድ ትልቅ ሰው፣ ከሁሉም መርጦ፣ እኔን ፈልጎ ነበር።

በባቡር ሄድን። ጋሽ አምሃ ቀስቱን በአንሶላ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት፤ ቲኬት ተቆጣጣሪው ምን እንደሆነ ሲጠይቃቸው በፈረንሳይኛ «ክራር ነው» አሉት። ዙሪክ ልንደርስ ስንል ባቡሩ ዲቲኮንን ሳይቆም አለፈው። በዚያች ከተማ እትዬ አስካለ የሚባሉ ሴት ይኖራሉ። አዲስ የመጣን ልጆች ሁላችን እናውቃቸዋለን፤ እኔም እንደመጣሁ ብርድ ልብስ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው አቶ ታደሰ እስር ቤት ሳሉ «ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረዋል» ተብሎ፣ የት እንደሆነ ሳይታወቅ ሰባት ዓመት ሆኖታል። በመልሳችን ወርደን እንጠይቃቸው ይሆን አልኩ።

ጋሽ አምሃ ጋዜጣቸውን ዘረጉ። «ሌላ ጊዜ» አሉ ከጋዜጣው ጀርባ። ነገሩን ያኔ ልብ አላልኩትም።

ፍላጻ ሠሪው ሄር ብሩነር፣ በእኛ አቶ ብሩነር፣ የሚባሉ፣ ጢማቸው የሸበተ፣ ቁመተ ረጅም ሰው ነበሩ። ሱቃቸው የእንጨትና የሙጫ ሽታ ነበረው። ቀስቱን ከፍተው አዩት። የሚንጠለጠል ሚዛን አመጡና የቀስቱ ገመድ፣ አውታሩ ላይ አንጠልጥለው ወደ ታች ሳቡት፤ አሥራ ሰባት ኪሎ አነበቡ። ሙሉ በሙሉ ለመለጠጥ የሚያስፈልገው ጉልበት ያ ነው ማለት ነው። ለአደን ከሚሆኑት ሁሉ ትንሹ መሆኑን ነገሩኝ። ሴት ልጃቸው ለጨዋታ የምትይዘው ቀስት ከዚህ ይከብዳል አሉ። ይህን አልተረጎምኩትም። መጀመሪያ ያለፍኩት እሱን ነው።

ከዚያ ጋሽ አምሃ እንዲስቡት ጠየቁ። ጋሽ አምሃ ሳቡ። አውታሩ አገጫቸው ሊደርስ አራት ጣት ሲቀረው ቆመ፤ መለሱት። ፈገግ ብለው «ምሳ አልበላሁም በላቸው» አሉኝ። ሄር ብሩነር ግን ፈገግ አላሉም። ሚዳቋዋን ከስንት እርምጃ እንደሚተኩሱ፣ ከጎን መሆኑን፣ ቀደም ሲል በቀስት አድነው እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቁ። በመጨረሻ ሁለት ፍላጻ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

አንደኛው ጫፉ ላይ ጠባብ፣ ሁለት ጠርዝ ብቻ ያለው፣ እንደ ቅጠል የሾለ ስለት ነበረው። ዘንጉ ወፍራም ነው፤ ሲያነሱት ይከብዳል። ሌላኛው ቀላል ሆኖ አራት ክንፍ ያለው ሰፊ ስለት ተክለውበታል። ጋሽ አምሃ ወዲያው ሰፊውን አነሡ።

«ይሄ ነው» አሉኝ። «የቀስቱ ጉልበት ካነሰ ቁስሉ ይስፋ። ይሄ መርፌው ምን ሊያደርግ ነው? ሚዳቋን ክትባት ልወጋት ነው እንዴ?»

ሐሳባቸውን ለሄር ብሩነር ተረጎምኩ። እሳቸውም ፍላጻውን ከጋሽ አምሃ እጅ ቀስ ብለው ወሰዱትና ወደ እኔ ዞሩ። የተናገሩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ሰፊ ስለት የሚገፋው ጉልበት ይፈልጋል። ደካማ ቀስት ሰፊ ስለት ከተሸከመ ቆዳውን ቀዶ አጥንት ላይ ይቆማል። አውሬው አይሞትም። ይዞት ይሄዳል። ጠባቡ ግን ገና ሲነካ መቁረጥ ይጀምራል፤ ከባዱ ዘንግ ደግሞ ከኋላ ይገፋዋል። ይህን ንገራቸው። በዚህ ትከሻ ሰፊውን ይዘው ከሄዱ አዳኝ አይደሉም፣ አሠቃይ ናቸው። ጠባቡን ካልወሰዱ ገለባ ላይ ይተኩሱ።»

ጋሽ አምሃ ዓይኔን ዓይኔን እያዩ ይጠብቃሉ። ግራ እጃቸው ቀኝ ትከሻቸው ላይ ነበር፤ ማሸት ልማዳቸው ነው። አሠቃይ የሚለውን ቃል አፌ ውስጥ አገላበጥኩት። ለማን ነው የምለው? በየትኛው አፌ?

«ጠባቡም ጥሩ ነው ይላሉ» አልኩ። «ሰፊውም ይሆናል። ምርጫው እንደ አዳኙ ልምድ ነው ይላሉ።»

«እንዲያማ ከሆነ ልምድ አለኝ» አሉ ጋሽ አምሃ፤ ስድስት ሰፋፊ ቆጥረው አነሡ።

ሄር ብሩነር እጃቸውን ፍላጻዎቹ ላይ ጭነው ወደ እኔ ዞሩ። «ያልኩትን ሁሉ ነግረሃቸዋል?»

«አዎ። ሁሉንም።» ደግሞ ይህ የበቃ ስላልመሰለኝ ጨመርኩ። «ሰፋፊዎቹ ለግድግዳ ጌጥ ናቸው። ለአደኑ ሌላ ያዛሉ።»

እንዲህ ሁለቱንም አስደሰትኩ። ሄር ብሩነር ግን ስንወጣ በር ላይ አንድ ጠባብ ስለት በካርቶን ጠቅልለው እጄ ላይ አስቀመጡ። ለእኔ ነው የሰጡኝ፤ ለጋሽ አምሃ አይደለም። ምክንያቱን አልተናገሩም። ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

ቅዳሜ፣ ጾሙ ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ማለዳ በሬኔ መኪና ድንበር ተሻገርን። ጉም ነበር። የተከመረ ማገዶ ጀርባ ሦስታችን ተቀመጥን። ጋሽ አምሃ ሌላ ሰው ሆነው ነበር። አይቀልዱም፣ አይንቀሳቀሱም፤ የነፋሱን አቅጣጫ በጣታቸው ለክተው ቦታችንን አንድ ጊዜ ቀየሩልን። ሬኔ በአድናቆት ጠቀሰኝ። እኔም ኮራሁ፤ እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት የዙሪኩን ሰው ረስቻቸው ነበር።

ሚዳቋዋ ረፋድ ላይ ከጉሙ ወጣች። ሴት ናት። አሥራ አምስት እርምጃ ላይ በጎን ቆማ ወደ ሣሩ ጎነበሰች። ጋሽ አምሃ በሹክሹክታ «በስመ አብ» ብለው ሳቡ። አውታሩ አገጫቸው ጋ አልደረሰም፤ ግን ለቀቁት።

ድምፅ የለውም ያሉት ቀስት ድምፅ አለው። ምንጣፍ በዱላ አንዴ ሲመታ ያለውን ዓይነት። ያንን ድምፅ አሁንም ትራም ውስጥ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ አንድ ሰው ወፍራም መጽሐፍ ሲያስቀምጥ እሰማዋለሁ።

ሚዳቋዋ ዘለለች፤ ጠፋች። ሬኔ ጀርባቸውን መታ መታ አደረገላቸው። ጋሽ አምሃ ግን ፊታቸው ልክ አልነበረም። ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቀን የቆመችበትን ቦታ አየን። ሦስት ጠብታ ደም ነበር። ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነኩት።

«ትንሽ ነው» አሉ።

ከዚያ ፍለጋ ጀመርን። አንድ ጠብታ ቅጠል ላይ፣ ሌላው ሃምሳ እርምጃ ርቆ ድንጋይ ላይ። ከዚያ ምንም። ጋሽ አምሃ በጉልበታቸው እየዳሁ የረገጠችውን ሣር ፈለጉ። ሬኔ ሞታለች፣ ነገ በውሻ እንፈልጋታለን አለ። እሳቸው ግን ከጉልበታቸው አልተነሡም። ምሳ ሰዓት አለፈ። እኔ ኪሴ ውስጥ ያለውን ካርቶን በእጄ ጨብጬ ከኋላቸው እሄድ ነበር። ይዞት ይሄዳል፣ ይዞት ይሄዳል የሚለው የሄር ብሩነር ቃል ከእርምጃዬ ጋር አብሮኝ ይራመድ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የጫካው አጥር ጥግ ላይ አገኘናት። አልወደቀችም። ቆማ ነበር፤ በሦስት እግሯ። ፍላጻው ትከሻዋ ላይ ተተክሏል፤ ስለቱ ከነአንገቱ ሳይገባ አጥንቷ ላይ ቀርቷል። ሽቦው መሄጃ ስለከለከላት ፊቷን ወደ እኛ አዙራ ትተነፍስ ነበር። በተነፈሰች ቁጥር የፍላጻው ቀይ ላባ ከፍ ዝቅ ይላል። ሌላ ነገር ምንም አይንቀሳቀስም፤ ያ ቀይ ላባ ብቻ።

ጋሽ አምሃ ሌላ ፍላጻ ደግነው ሊስቡ ሞከሩ። ክንዳቸው ደክሞ ነበር፤ አውታሩ ከደረታቸው አላለፈም። እንደገና ሞከሩ። በሦስተኛው ቀስቱን መሬት ላይ አስቀመጡት። ሳይዞሩ ጠሩኝ።

«ብሩክ። የዙሪኩ ሰውዬ ምን ነበር ያሉት?»

«ጋሽ አምሃ፣ እኔ...»

«እንዳሉት ንገረኝ። አታሳምርልኝ።»

ነገርኳቸው። ስለ ሴት ልጃቸው ቀስት፣ ስለ ጠባቡ ስለት፣ አጥንት ላይ ስለመቆሙ፣ አዳኝ ሳይሆኑ አሠቃይ ናቸው ስለማለታቸው፣ ስለ ገለባው። ካርቶኑን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ፈትተው ጠባቡን ስለት በእጃቸው ጀርባ ጸጉር ላይ አሳለፉት፤ ላጨ።

«ሁሉን ነግረውህ ነበር» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጡ በተሻለኝ።

ሬኔ ምን እያወራን እንደሆነ አልገባውም፤ ግን ሚዳቋዋን አይቶ መኪናው ውስጥ ያለውን ጠመንጃ ሊያመጣ ሄደ። ጋሽ አምሃ እስኪመለስ ካለችበት ዓይናቸውን አልነቀሉም። ጠመንጃውን ሲያዩ ጆሯቸውን የሚይዙ መስሎኝ ነበር። ኮፍያቸውን ብቻ አወለቁ። ሬኔ ተኮሰ። ጋሽ አምሃ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ጸሎት አልነበረም። «አንድ» ነበር ያሉት።

ሬኔ ሥጋውን እንካፈል አለ። ጋሽ አምሃ ለወትሮው የሚግባቡበት ፈረንሳይኛ ጠፍቷቸው ነበር፤ ወደ እኔ ዞሩ። «ሳይባረክ የሞተ በክት ነው። ደግሞም እንዲህ አሠቃይቼ የምበላው ሥጋ የለም። እንዲሁ በለው።» እንዲሁ አልኩት፤ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ። ሬኔ ከፋው። በሕይወቴ አንድ ሰው ፊቴ ሲከፋው ዝም ብዬ ስቆም የመጀመሪያዬ ነው።

ኦ ቪቭ ስንደርስ ጋሽ አምሃ ወደ ቤት አልገቡም። ትራም ማቆሚያው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። እጃቸውን አወዛወዙ።

«እስር ቤት ሳለን» አሉ፣ «ሲመሽ ሰው ይጠራል። ዕቃህን ያዝ፣ ልትፈታ ነው ይሉታል። በትሕትና ነው የሚሉት። ከዚያ ተኩስ እንሰማለን። እንቆጥራለን። ስንት እንደተጠሩ እናውቃለና።» ትራም መጣ፤ ሄደ። «ታደሰን የጠሩት ቀን ስድስት ነበሩ። ስድስት ቆጠርን።»

እትዬ አስካለን አሰብኩ።

አቶ ታደሰ ከተጠሩ ከአራት ወር በኋላ ጋሽ አምሃ ተፈቱ። በወጡ በማግስቱ እትዬ አስካለ ቤታቸው መጡ። ታደሰ እንዴት ነው ብለው ጠየቁ። በእጃቸው ባዶ የምሳ ዕቃ ይዘው ነበር፤ ከእስር ቤቱ በር ስንቅ አድርሰው መምጣታቸው ነበር። ጋሽ አምሃ የምሳ ዕቃውን አይተው፣ «ደህና ነው፤ ሰላም በላት ብሎኛል» አሉ።

«እኔም እንዳንተ አስተርጓሚ ነበርኩ» አሉኝ። «እሷ ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ሙሉ ስንቅ አመላለሰች። ከዚያ ተዛውሯል አሏት። እስከ ዛሬ ተዝካር አላወጣችም፤ ደህና ነው ብዬ የነገርኳት እኔ ነኛ። ይዛው ትሄዳለች።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ አብሬያቸው ሄድኩ። እሳቸው ናቸው ና ያሉኝ። መርዶ በማለዳ፣ ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ እንደሚነገር አውቃለሁ፤ ባቡር ውስጥ ይህን አነሣሁባቸው። «ሰባት ዓመት የዘገየ መርዶ ሰዓት አይመረጥለትም» አሉኝ። ፈጣኑ ባቡር ዲቲኮን አይቆምም። ዙሪክ ድረስ ሄደን፣ በዝግተኛው ባቡር ወደ ኋላ ተመለስን።

እትዬ አስካለ ሲያዩን ደስ አላቸው። ምጣድ ላይ ሽንኩርት ጥደው ነበር። የአቶ ታደሰ ፎቶግራፍ ቴሌቪዥኑ ላይ ቆሟል፤ እየሳቁ። ጋሽ አምሃ ተቀመጥ ሲባሉ አልተቀመጡም። ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«አስካለ፣ ታደሰ እኔ ከመፈታቴ አራት ወር በፊት ነው የሞተው። ሲጠሩት ነበርኩ። ተኩሱንም ሰምቻለሁ። ደህና ነው ያልኩሽ ዋሽቼሽ ነው።»

እትዬ አስካለ ምድጃውን አጠፉ። ማንኪያውን ቦታው መለሱ። ወደ ጋሽ አምሃ ዞሩ፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ ነበር።

«ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ስንቁን ማን ነበር የሚበላው?»

ይህን ጥያቄ በፈረንሳይኛም በጀርመንኛም ተርጉሜዋለሁ፤ ለማንም አይደለም፣ ለራሴ። ቀላል ቃላት ናቸው። የትኛውም ቋንቋ አያለሰልሰውም። እትዬ አስካለ ያለቀሱት ከዚያ በኋላ ነው፤ መሬት ላይ ቁጭ ብለው፣ ነጠላቸውን አገልድመው። ጋሽ አምሃም ጎናቸው መሬት ላይ ተቀመጡ። እኔ ስልኩ አጠገብ ተቀምጬ፣ የሰጡኝን ቁጥር እየደወልኩ፣ ከዙሪክም ከጄኔቭም ሰዎችን ወደ ለቅሶ ጠራሁ። ለእያንዳንዱ ሰው «አቶ ታደሰ ሞተዋል» አልኩ። «አርፈዋል» እንኳ አላልኩም።

ተዝካሩ ወጥቷል። ጋሽ አምሃና እትዬ አስካለ ታርቀዋል ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አላውቅም። የማውቀው ጋሽ አምሃ በየወሩ ዲቲኮን እንደሚሄዱ፣ እትዬ አስካለም እሳቸው እስር ቤት ያዩትን ሁሉ፣ ታደሰ ምን ለብሶ እንደወጣ ሳይቀር፣ እየጠየቁ እንደሚያስነግሯቸው ነው። ቀስቱን ለሬኔ መልሰዋል። ጠባቡን ስለት ለእኔ መለሱልኝ፤ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ሄር ብሩነር የተናገሩት ስለ ፍላጻ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በላይ ትርጉም ልሰጠው አልደፍርም። ክፍል ውስጥ ግን መምህሬ የሚያስከፋ ዐረፍተ ነገር ሲሰጡኝ ሚዳቋዋ ትታየኛለች። ቆማ። ላባው ከፍ ዝቅ እያለ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አብዛኞቻችሁ ከእኔ ትበልጣላችሁ፤ ምክር መስጠት አይገባኝም። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁና ላብቃ። ከመካከላችሁ ለአንድ ሰው «ደህና ነው» ብላችሁ የነገራችሁ ካላችሁ፣ ፈጣኑ ባቡር እዚያ አይቆምም። አልፋችሁ ሄዳችሁ፣ በዝግተኛው መመለስ አለባችሁ። በየግማሽ ሰዓቱ አለ።